የጢስ ዓባይን ፏፏቴ በሚንቀሳቀስ ምስል ለመሥራት ሞክሬ ክብደቱ፣ ቀለሙና ፍጥነቱ አስቸገረኝ

የማርቆሷ
ነሐሴ 20 ቀን፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ የምሠራ ስሆን፣ ሥራዬ በአብዛኛው ጉርድ ፎቶ ማስተካከል፣ የሠርግ አልበም ማዘጋጀትና የሰላምታ ካርድ መሥራት ነው። ዘንድሮ ደንበኞቻችን ለእንቁጣጣሽ በቴሌግራም የሚላላኩት፣ የሚንቀሳቀስ ካርድ ይሠራልን ብለው ስለጠየቁ፣ ባለፈው ቅዳሜ ጢስ ዓባይ ድረስ ሄጄ ውኃው በክረምቱ ሞልቶ ሳለ 40 ፎቶ በተከታታይ አነሣሁ። ካሜራውን የያዝኩት በእጄ ነበር።

ከዚያ በፎቶሾፕ ውስጥ ፎቶዎቹን ስክሪፕትስ በሚለው ሜኑ በኩል በአንድ ፋይል ላይ ደረደርኳቸው፤ ታይምላይን የሚባለውን መስኮት ከፍቼ ሌየሮቹን (በላይ በላይ የተደረደሩትን ፎቶዎች) ወደ ፍሬም (በየተራ ወደሚታዩ ምስሎች) ለወጥኳቸው፤ ውኃው ፈጠን ብሎ እንዲወርድ ስለፈለግሁም የእያንዳንዱን ፍሬም ቆይታ «ኖ ዲሌይ»፣ ማለትም ያለ ቆይታ፣ አደረግሁት። በመጨረሻ ሴቭ ፎር ዌብ በሚለው በኩል ጊፍ በሚባለው የሚንቀሳቀስ ምስል ፋይል አስቀመጥኩት።

የገጠመኝ ችግር አራት ዓይነት ነው። ፋይሉ 31 ሜጋባይት ሆነ። ሰማዩና ከገደሉ ሥር የሚነሣው ጢስ እንደ እርከን እርሻ ተሸነሸነ። ፎቶሾፕ ውስጥ ሳጫውተው የሚሮጠው ውኃ በብራውዘር ስከፍተው ይጎተታል። በዚህ ላይ ምስሉ በሙሉ፣ ገደሉ ጭምር፣ ይንቀጠቀጣል። ፋይሉን ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁና የምታውቁ ብትመሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ጣና ዳር
ነሐሴ 20 ቀን፣ ከምሽቱ 3:45

እህት ዓለም፣ እኔ ባሕር ዳር ማተሚያ ቤት ውስጥ በዲዛይን ሥራ የቆየሁ ነኝ፤ ፋይልሽንም አውርጄ አየሁት። አራት ችግር ብለሽ ያቀረብሽው ለእኔ አንድ ችግርና ሁለት ትንንሽ ስሕተቶች ናቸው፤ ትንንሾቹን አስቀድሜ ላንሣቸው።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ ጊፍ የፍሬምን ቆይታ የሚመዘግበው በሰከንድ መቶኛ ክፍል ነው። ቆይታው ዜሮ ሲሆን ፎቶሾፕ ማሽኑ በቻለው ፍጥነት ያጫውተዋል፤ ብራውዘሮች ግን ዜሮ ወይም አንድ መቶኛ የተባለውን ሁሉ ወደ ዐሥር መቶኛ፣ ማለትም ወደ 0.1 ሰከንድ፣ ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ በጣም ፈጣን ያልሽው ትእዛዝ በሰከንድ 10 ፍሬም ሆኖ ይወጣል። ቆይታውን ራስሽ 0.05 ወይም 0.06 ብለሽ ብትጽፊ ያልሽውን ያከብራሉ።

መንቀጥቀጡ ከእጅሽ የመጣ ነው። ሌየሮቹን በሙሉ መርጠሽ ኤዲት ከሚለው ሜኑ ውስጥ ያለውን ኦቶ አላይን ሌየርስ ብታዢው ብዙውን ያስተካክልልሻል፤ ጠርዝ ጠርዙ ባዶ ስለሚሆን ግን በክሮፕ መቁረጥ ይኖርብሻል። ከዚህ የሚሻለው ካሜራውን በሦስት እግር መቆሚያ ላይ፣ እሱ ከሌለ ድንጋይ ላይ ነጠላ አጥፎ አንጥፎ ማስቀመጥ ነው። በስልክ ስታነሺ ደግሞ ስክሪኑን በጣትሽ ተጭነሽ በመቆየት ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፊው፤ አለበለዚያ ደመና ባለፈ ቁጥር ስልኩ ብርሃኑን ስለሚቀያይረው ምስሉ እንደ ፋኖስ ይርገበገባል።

ዋናው ችግር ግን የመረጥሽው ነገር ራሱ ነው። ጢስ ዓባይ በጊፍ ለመሥራት ከሚያስቸግሩ ነገሮች ሁሉ የሚያስቸግር ነው ብል አላጋነንኩም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ጊፍ በ1987 ኮምፑሰርቭ በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የወጣ፣ በ1989 የተሻሻለ የፋይል ዓይነት ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የተሠራው ለዘገምተኛው የዚያን ጊዜ የስልክ መስመር ስለነበረ በአንድ ፍሬም ውስጥ ከ256 ቀለም በላይ አይዝም። የአንቺ ካሜራ የሚያነሣው ፎቶ በሚሊዮን የሚቆጠር ቀለም አለው። ቀስ በቀስ ከነጭ ወደ ሰማያዊ የሚሄድ ሰማይና የውኃ ጢስ በ256 ቀለም ሲከፈሉ እርከን መሥራታቸው ግድ ነው። ዲዘር የሚባለው ማስተካከያ ነጠብጣብ እየበተነ እርከኑን ከዓይን ይሸሽጋል፤ ነገር ግን ነጠብጣቡ ራሱ ፋይሉን ያከብደዋል።

የሚያከብደው ደግሞ ጊፍ የሚጨምቅበት ዘዴ መደጋገምን ስለሚወድ ነው። በአንድ መስመር ላይ ተመሳሳይ ቀለም ወይም ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ሲያገኝ ባጭሩ ጽፎ ያልፈዋል፤ ልክ የተለቀለቀ ግድግዳን «ይህ ሁሉ ነጭ ነው» ብሎ እንደመጨረስ። የሚፈላ ውኃ ግን ሁለት አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ነጥቦቹ አንድ አይሆኑም፤ ከፍሬም ወደ ፍሬም ሲሻገርም አንድም ነጥብ በቦታው አይገኝም። የአንቺ ምስል 1080 በ1080 ነው፤ ይህም ለአንድ ፍሬም 1,166,400 ነጥብ፣ ለ40 ፍሬም ደግሞ ከ46 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ነው። ለአንድ ነጥብ አንድ ባይት ሲታሰብ ሳይጨመቅ 46 ሜጋባይት መሆኑ ነው። 31 ላይ መቆሙም ፎቶሾፕ የሚችለውን ስላደረገ ነው።

ስፋቱን በግማሽ፣ ቁመቱንም በግማሽ ብታሳንሺ ነጥቡ ወደ ሩብ ይወርዳል። ፍሬሙን 20 ብታደርጊው እንደገና ይከፈላል። ሎሲ የሚለውን ማስተካከያ ወደ 20 አካባቢ ከፍ ብታደርጊ ደግሞ ትንሽ ጥራት አጥተሽ ብዙ ክብደት ትጥያለሽ። ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው፣ ከምስሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ እንዲንቀሳቀስ አድርጎ ሌላውን ሁሉ ማቆም ነው። እኔ ብሆን ፏፏቴውን ትቼ ሌላ ነገር እፈልግ ነበር።

ዓባይ ማዶ
ነሐሴ 21 ቀን፣ ከጠዋቱ 1:20

እኔ የማይገባኝ በዚህ ዘመን ጊፍ ለምን እንደሚያስፈልግ ነው። ቴሌግራም ራሱ የተላከለትን ጊፍ ድምፅ ወደሌለው ኤምፒ ፎር ቪዲዮ ይለውጠዋል። ታዲያ እኅታችን ከመጀመሪያው በቪዲዮ ብትልከው 256 ቀለም የሚሉት ጣጣ ቀርቶላት፣ ጢስ ዓባይም ሳይሸነሸን ባማረ መልኩ ይወጣ አልነበረም?

ጣና ዳር
ነሐሴ 21 ቀን፣ ከረፋዱ 4:05

ወንድም ዓለም፣ ለፏፏቴው ያልከው ትክክል ነው፤ በቪዲዮ ይሻላል። ለካርድ ግን አልስማማም። ደንበኛው ካርዱን ከቴሌግራም ውጭም ይወስደዋል፤ በኢሜይል ይልከዋል፣ በድረ ገጽ ላይ ይለጥፈዋል፣ በፓወርፖይንት ውስጥ ይሰካዋል። በእነዚህ ቦታዎች ጊፍ ተጫወት ሳይባል ይጫወታል፣ ሲያልቅም ሳይነካ እንደገና ይጀምራል። ደግሞ ቴሌግራም ሲለውጠው እንኳ የሚቀበለው እኛ የሰጠነውን ነው፤ በጊፉ ውስጥ የጠፋውን ቀለም ቪዲዮው አይመልሰውም።

የቡሬው መምህር
ነሐሴ 21 ቀን፣ ከቀኑ 9:30

ልጆቼ፣ ንግግራችሁን ደስ እያለኝ አነበብኩት። እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጊምፕ በሚባለው፣ በነፃ በሚገኘው ሶፍትዌር የምሠራ ነኝ፤ ፎቶሾፕ መግዛት ለማይችልና ያለ ፈቃድ የተሰበረ ቅጂ መጫን ለማይፈልግ ሰው ይበቃል። በጊምፕ ሌየሩ ራሱ ፍሬም ነው፤ ከታች ያለው መጀመሪያ፣ ከላይ ያለው መጨረሻ ይታያል። ኤክስፖርት ሲደረግ «አዝ አኒሜሽን» የሚለውን ምልክት ያላደረገ ሰው አንድ የቆመ ፎቶ ብቻ ያገኛል።

አንድ ገጠመኝ ላጫውታችሁ። በጊምፕ የአንዱ ፍሬም ቆይታ የሚጻፈው በሌየሩ ስም ላይ በቅንፍ ውስጥ ነው። እኔም ባማርኛ መጻፍ የማይሆንበት ምክንያት ስላልታየኝ በ24 ሌየሮች ላይ አንድ በአንድ «200 ሚሊ ሰከንድ» እያልኩ ግማሽ ቀን ጻፍኩ። ኤክስፖርት ሳደርገው የጻፍኩትን ከምንም ሳይቆጥር በራሱ ልክ፣ በ100 ሚሊ ሰከንድ፣ አጫወተው። ለካስ የሚያነበው ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለ ክፍተት በላቲን ፊደል «ኤም» እና «ኤስ» ሲጻፉለት ብቻ ኖሯል። ሁሉም ፍሬም እኩል የሚቆይ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፤ በኤክስፖርቱ መስኮት ላይ አንዴ ቁጥሩን ሞልቶ «ለሁሉም ይሁን» የሚለውን ምልክት ማድረግ ይበቃል። ያንን ያወቅሁት በማግሥቱ ነው።

ጣና ዳር የሚለውን፣ የቆመውን አቁሞ የሚንቀሳቀሰውን ብቻ የማስቀረት ነገር፣ ጊምፕ ፊልተርስ ከሚለው ሜኑ አኒሜሽን በሚለው ሥር «ኦፕቲማይዝ ፎር ጊፍ» ብለው ሲያዙት ራሱ ይሠራዋል። ከመጀመሪያው ሌየር በቀር ከሌሎቹ ላይ ያልተለወጠውን ሁሉ ቆርጦ ይጥላል። ነገር ግን ካሜራው በእጅ ተይዞ ከነበረ ያልተለወጠ ነጥብ ስለማያገኝ ምንም የሚቆርጠው የለም።

የማርቆሷ
ነሐሴ 22 ቀን፣ ከምሽቱ 1:40

መምህር፣ ጣና ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፏፏቴውን በቪዲዮ ለብቻው ላስቀምጠውና ለካርዱ ሌላ ነገር ላስብ ብዬ ዛሬ ቤት ስገባ፣ አያቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ለእኔው ለእንቁጣጣሽ ነጠላ የሚሆነውን ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ቀኝ እጃቸው እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሽከርክሮ ይለቀዋል፣ ግራ እጃቸው ባዘቶውን ይዞ ከፍ ይላል፣ ነጩ ፈትል በጠቆረው የጭቃ ግድግዳ ላይ እየረዘመ ይታያል። የሚንቀሳቀስ አንድ ነገር ያላችሁት ይህ ይሆን? አያቴ ቀጥ ብለው ተቀምጠው እንዝርቱና ፈትሉ ብቻ ቢንቀሳቀሱ ደስ ይለኛል፤ እሳቸው ግን ሲፈትሉ ሳያወሩ አይችሉምና ራሳቸውም ትከሻቸውም ይነቃነቃል።

ጣና ዳር
ነሐሴ 22 ቀን፣ ከምሽቱ 4:15

ይኸው ነው! እንኳንም አያትሽ ፈታይ ሆኑ። ማውራታቸውም ምንም አይጎዳም፤ ጭምብሉ ይሸፍነዋል።

ካሜራውን አስቀምጠሽ፣ ብርሃኑን ቆልፈሽ አንሺ። ስትደረድሪያቸው ከፎቶዎቹ መካከል የአያትሽ ፊት ያማረበትን አንዱን መርጠሽ ቅጂውን ከሁሉም ሌየሮች በላይ አድርጊ። በዚያ በላይኛው ሌየር ላይ ማስክ፣ ማለትም ጭምብሉን፣ ጨምሪበትና ጠርዙ ለስለስ ባለ ብሩሽ፣ በጥቁር ቀለም፣ እንዝርቱና ፈትሉ የሚንቀሳቀሱበትን ስፍራ ብቻ ቀቢ። ጥቁር የቀባሽው ቦታ እንደ መስኮት ሆኖ ከሥር ያሉትን ፎቶዎች ያሳያል፤ የቀረው የአያትሽ አካል፣ በረንዳው፣ ግድግዳው በሙሉ ከዚያ ከአንዱ ፎቶ ስለሚመጣ ፈጽሞ አይነቃነቅም። ይህ ላይኛው ሌየር በሁሉም ፍሬም ላይ መታየት አለበት፤ ታይምላይኑ ላይ ፍሬሞቹን በሙሉ መርጠሽ የሌየሩን ዓይን አብሪው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የአንዱን ፍሬም ዓይን ብቻ አብርቶ «አልሠራልኝም» ይላል።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቺ። ምስሉን 540 በ540 ብታደርጊውና 16 ፍሬም ቢኖርሽ፣ የሚንቀሳቀሰው ስፍራ ምናልባት 90 በ300 ነው፤ ይህ 27,000 ነጥብ ነው። የመጀመሪያው ፍሬም 291,600 ነጥብ፣ የቀሩት 15 ፍሬሞች በድምሩ 405,000 ነጥብ ይሆናሉ። ሁሉም ተደምሮ ከ700,000 ነጥብ ያነሰ ነው፤ ቀድሞ ከነበረው 46 ሚሊዮን ጋር አስተያይው። ነጭ ፈትል በጥቁር ግድግዳ ላይ ስለሆነ ቀለሙንም ወደ 128፣ ምናልባትም ወደ 64 ብታወርጂው ዓይን አያውቀውም። ፊታቸው ላይ ነጠብጣብ ካየሽ ግን ወደ 128 ተመለሺ፤ የሰው ፊት ቶሎ ይታወቃል።

ማለቂያው ከመጀመሪያው ጋር የሚገጥምበት ነገር ይቀራል። ብዙዎች ፍሬሞቹን ገልብጠው ወደኋላ በማስኬድ፣ እንደ ዥዋዥዌ፣ ያገጥሙታል። ለሚወዛወዝ የጆሮ ጉትቻ ወይም ጣና ላይ ለቆመች ታንኳ ይህ ያምራል፤ ለእንዝርትና ለወራጅ ውኃ ግን አይሆንም፣ ዓባይን ሽቅብ ማስፈሰስ ነውና። ለአንቺ የሚሻለው በመጨረሻዎቹ ሦስት ፍሬሞች ላይ የመጀመሪያውን ፎቶ በ25፣ በ50፣ በ75 በመቶ ጉልህነት እያነባበርሽ ረጅሙ ፈትል ወደ አጭሩ እንዲሟሟ ማድረግ ነው።

ወደ ጊፍ ከመቀየርሽ በፊት ዋናውን ፋይል በፒኤስዲ፣ ሌየሮቹን እንዳሉ በሚይዘው የፎቶሾፕ ፋይል፣ አስቀምጪ። መብራት መጥፋቱን ለማርቆስ ሰው አልነግረውም።

የሰከላ ልጅ
ነሐሴ 23 ቀን፣ ከቀኑ 6:50

ስለ ጽሑፉ ማንም አላነሣምና እኔ ልጨምር። «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው በየፊደሉ እየተጻፈ እንዲወጣ ከተፈለገ ፊደላችን ይረዳናል፤ አናባቢውን በውስጡ ስለያዘ ዐሥር ፊደል ብቻ ነው፣ ዐሥር እርምጃ ማለት ነው። በላቲን ቢጻፍ ከዚያ እጅግ ይበልጥ ነበር። ለእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ፍሬም ብትሰጪው በ20 ፍሬም ያልቃል።

የምጠነቀቅበት ነገር የፊደሉ መጠን ነው። ምስሉ ሲያንስና ቀለሙ ሲቀነስ የቅጥያዎቹ ቀጫጭን እግሮች ይበላሉ። እኔ ባለፈው ዓመት የሠራሁት ካርድ ላይ የ«ሁ» ጎን ጠፍቶ «አደረሳችሀ» ሆኖ ተነበበና ሰው ሳቀብኝ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የፊደል ቅርጽ በወፍራሙ ተጠቀሚ፤ ኒያላ ለመጽሐፍ ያምራል እንጂ ለዚህ ይቀጥናል። በፓወር ግዕዝ በአሮጌው አጻጻፍ ከጻፍሽው ደግሞ ፒኤስዲውን ሌላ ማሽን ላይ ስትከፍቺ ጽሑፉ የላቲን ዝብርቅርቅ ሊሆንብሽ ይችላል፤ ጊፉ ከወጣ በኋላ ግን ሥዕል ስለሆነ አይለወጥም።

ጽሑፉ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ሰው እንዲያነበው የመጨረሻውን ፍሬም ሁለት ሰከንድ አቆዪው።

ጣና ዳር
ነሐሴ 23 ቀን፣ ከቀኑ 7:30

የሰከላው፣ ስለ «ሁ» ያልከውን ማንም ልብ አይለውም፤ ተባረክ። የመጨረሻውን ምክርህን ብቻ ላርም። ፍሬሙ ሁለት ሰከንድ ከቆመ እንዝርቱም አብሮ ሁለት ሰከንድ አየር ላይ ይቆማል። ይልቅ 16ቱን ፍሬም ሦስት ጊዜ ደጋግሞ 48 ማድረግ፣ በ20ዎቹ ላይ ጽሑፉን ማስወጣትና በቀሩት 28 ላይ ሙሉውን ማቆየት ነው። በ0.1 ሰከንድ ሲታሰብ 2.8 ሰከንድ ለንባብ ይተርፋል፣ እንዝርቱም አያርፍም። ጽሑፉ ከእንዝርቱ አጠገብ ቢሆን ይመረጣል፤ በተቃራኒው ጥግ ካስቀመጥሽው የሚለወጠው ስፍራ ከጥግ እስከ ጥግ ይሰፋል።

የማርቆሷ
ነሐሴ 26 ቀን፣ ከምሽቱ 2:25

አለቀ! ካሜራውን በርጩማ ላይ አስቀምጬ አነሣሁ፣ እንደተባልኩት አድርጌ ሠራሁት፤ 48 ፍሬም፣ 128 ቀለም ሆኖ ፋይሉ 940 ኪሎባይት ወጣ። «ሁ» ከነጎኑ ይነበባል። የፎቶ ቤቱ ባለቤትም ወዶታል።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ለአያቴ በስልኬ ባሳያቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ብዙ ጊዜ ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ይህቺ ሴትዮ አትፈትልም፤ የፈተለችውን ወደ ባዘቶ እየመለሰች ነው» አሉኝ። እኔ ምንም አይታየኝም። ፋይሉን አያይዤዋለሁ፤ እስቲ እናንተ እዩት።

የቡሬው መምህር
ነሐሴ 26 ቀን፣ ከምሽቱ 3:00

አያትሽ ትክክል ናቸው። ፈትሉ መርዘም ሲገባው እያጠረ ወደ እጃቸው ይመለሳል።

ጣና ዳር
ነሐሴ 26 ቀን፣ ከምሽቱ 3:35

እኔ ሦስት ጊዜ አይቼው አልፌዋለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጥፋቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ፎቶሾፕ በስክሪፕትስ በኩል ሲደረድር የመጀመሪያውን ፎቶ ከላይ ያደርገዋል፤ ሌየሮችን ወደ ፍሬም ሲለውጥ ደግሞ ከታች ይጀምራል። ስለዚህ የመጨረሻው ፎቶ መጀመሪያ ይሆናል። ከጽሑፉ በፊት ባስቀመጥሽው ፒኤስዲ ላይ 16ቱን ፍሬሞች በሙሉ መርጠሽ ከታይምላይኑ ሜኑ «ሪቨርስ ፍሬምስ» በዪና፣ መሟሟቱን በአዲሶቹ የመጨረሻ ሦስት ፍሬሞች ላይ፣ ከአዲሱ መጀመሪያ ፎቶ ጋር እንደገና ሥሪው፤ ከዚያ ደጋግመሽ ጽሑፉን ጨምሪ። ጽሑፉ ካለበት ፋይል ላይ ብትገለብጪው «እንኳን አደረሳችሁ» ከመጨረሻው ፊደል ጀምሮ ይጠፋል።

ይህን ጽፌ ጨርሼ የመጀመሪያውን የፏፏቴ ፋይልሽን እንደገና ከፍቼ ፍሬም በፍሬም አየሁት። ከገደሉ ሥር ካለው አረፋ ውስጥ አንድ ጉማጅ እንጨት ብቅ ብሎ ከውኃው ጋር ሽቅብ ወደ ገደሉ አፍ ይወጣል። አምስታችንም ስድስት ቀን ሙሉ ስለ ዓባይ ስንከራከር አላየነውም።